ከንክሻው ማዶ

ሳንቲም እጄ ሲገባ ፊቱን አላይም። ባለሱቁ መልስ ሲሰጠኝ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ መዳፌ ላይ ጣል ሲያደርግልኝ፣ አውራ ጣቴ እኔን ሳያስፈቅድ የሳንቲሙን ዙሪያ ይዳብሳል። "እማ፣ ደግሞ ጀመረሽ" ትላለች ልጄ። ለማያውቀኝ ሰው የተሰጠኝን የማላምን ቋጣሪ እመስላለሁ። አንዱ ባለሱቅ እንዲያውም "እሜቴ፣ እኛ አይደለን ያተምነው" ብሎኛል።

ልማዱን ያስያዙኝ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ለብዙ ዓመት እኮራበት ነበር። አሁን ግን ጣቴ ጠርዝ በነካ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ሰውየው ፋርማሲስት ነበሩ። ሰፈራችን ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል ዶክተር ሆነው ቀሩ። ከአባቴ ጋር አብረው አድገው፣ አንድ ወንበር ላይ ተምረዋል። እሳቸው በትምህርቱ ገፉ፣ አባዬ ወደ ብረት ሥራ ገባ። እሑድ ከሰዓት ሲመጡ አባዬ ገና ከደጃፉ ይጀምራቸዋል።

"ዶክተር፣ ሞርሳዬን ጥርሷን አሟታል። እስቲ ኪኒን እዘዝላት።"

"ያንተን ሞርሳ ጡረታ እንጂ ኪኒን አያድናትም" ይላሉ ኮታቸውን እያወለቁ።

ሞርሳዋ በግቢያችን ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ወፍራም ጣውላ ላይ የታሰረች ብረት መንከሻ ነበረች። አባዬ በዚያች ክፍል ቁልፍ ይጠግናል፣ ማጠፊያ ይሠራል፣ የሰፈሩን ድስት ሁሉ እጀታ ይቀጥላል። እጁ ዘይትና የብረት ብናኝ ይሸታል። የዶክተር እጅ ደግሞ የጉሮሮ ከረሜላ ይሸታል፤ ሳንቲሞቻቸውን በጥጥ ጠቅልለው የሚይዙት በከረሜላ ቆርቆሮ ነበርና።

እማዬ ሻዩን አቅርባ የጠረጴዛውን ልብስ ታነሣለች። ዶክተር ጥጡን እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብለው ይፈቱታል። እኔ አገጬን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ እጠብቃለሁ።

የሚሰበስቡት ሲታተም የተበላሸ ሳንቲም ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመትቶ ጽሑፉ ሰካራም እንደሚያየው ሁለት ሁለት የሆነ ነበራቸው። ጀርባው ተገልብጦ የታተመም ነበራቸው። አንዱማ በሁለቱም በኩል ያው የሰው ራስ ነው፤ በአንደኛው በኩል ግን ወደ ውስጥ የሰመጠ፣ በመስታወት እንደሚታይ የተገለበጠ። ቀድሞ የታተመው ሳንቲም ማሽኑ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ተከታዩ ላይ ፊቱን ትቶበት ነው አሉኝ። ያን ሌሊት ትራስ ላይ ፊቴን ተጭኜ ሞክሬዋለሁ።

"እኔ ስሳሳት ደንበኛ ይሰድበኛል" ይላል አባዬ። "ማሽን ሲሳሳት ዶክተር በጥጥ ይጠቀልለዋል።"

"አንተ ስትሳሳት እኮ በሩ አይዘጋም" ይላሉ ዶክተር፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ጎኑ ላይ ንክሻ ያለበትን ነበር። አይጥ የበላችው ሳንቲም እለው ነበር። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ እሑድ ዶክተር አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ።

"በስህተትና በጉዳት መካከል ልዩነት አለ፣ የኔ ልጅ። ስህተት ሳንቲሙ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ነው። ጉዳት ከተወለደ በኋላ ሰው የሚያደርስበት ነው። ብስኩት በብርጭቆ ስትቆርጥ እናትሽን አይተሻታል?"

"አይቻታለሁ።"

"ሊጡ ላይ ቀድማ በቆረጠችው ቀዳዳ ላይ ብርጭቆውን ብታሳርፍ፣ የሚቀጥለው ብስኩት ጎኑ ጎድሎ ይወጣል። ይሄም እንደዚያ ነው። እንግዲህ አንድ አጭበርባሪ ደህናውን ሳንቲም በሞረድ ነክሶ ቢያመጣልሽ በምን ትለይዋለሽ?"

ንክሻው ላይ አፈጠጥኩ።

"እሱን ተዪው። ንክሻውንማ ሁሉም ያየዋል፤ አጭበርባሪውም የደከመው እሱ ላይ ነው። ማዶውን እዪ።" ጥፍራቸውን ከንክሻው ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። "ሳንቲም ከመታተሙ በፊት ጠርዙ እንዲነሣ ዙሪያውን ይጨመቃል። አንዱ ጎን ከጎደለ፣ ትይዩው ላይ የሚገፋ ጉልበት የለም፤ ጠርዙ ሳይነሣ ይቀራል። ዳብሺው። ሟምቷል አይደል? በሞረድ የተነከሰ ግን ማዶው ሙሉ ነው።"

ዳበስኩት። እውነትም እንደ ቀለጠ ሳሙና ልስልስ ብሏል። ከዚያ በኋላ በቤታችን የነበረውን ሳንቲም ሁሉ ዳበስኩ። እማዬ "ይቺ ልጅ ገበያ ስልካት ባለሱቅ ሁሉ ጠላን" አለች። አባዬ ግን ያን ሰሞን እያየኝ ብቻውን ፈገግ ሲል አገኘው ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አባዬ ድሮ ይሠራበት ስለነበረው ፋብሪካ ከእማዬ ጋር ስታወራ የሰማሁት። እማዬ አንሶላ ታሰጣለች፤ እኔ ከተሰጣው አንሶላ ወዲህ፣ እርጥቡ ጨርቅ ጉንጬን እየነካኝ ከድመቷ ጋር ነበርኩ።

"መዳቡ ከፋብሪካው መጋዘን ሲጠፋ መጀመሪያ የያዙት እሱን ነው" አለች እማዬ። "መጋዘን ጠባቂው 'ማታ ማታ አምሽቶ የሚወጣ እሱ ነው' ብሎ። አሳደሩት።"

"ወይ ጉድ። ታዲያ እንዴት ተለቀቀ?"

"ዶክተር ዋስ ሆኖለት ነዋ። እሱ ባይኖር ዛሬ የት እንደምንወድቅ አላውቅም።"

"የሰው አፍ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ…"

"የሰውስ ይከፈት። ልጅቷ ብቻ እንዳትሰማ። እሷ ከሰማች በቁሙ ይሞታል።"

ድመቷን ታቅፌ በእግሬ ጣት ወጣሁ። ሰው የሚደብቀው እውነት የሆነውን ነው ብዬ አሰብኩ። ውሸት ቢሆንማ ለምን እንዳልሰማ ይፈለጋል?

ጥቂት ቆይቼ ቢሆን ቀሪውን እሰማ ነበር። መዳቡን የሰረቀው መጋዘን ጠባቂው ራሱ እንደነበር፣ ሰውየው እንደተያዘ፣ ፋብሪካው አባዬን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው እንደጠራው፣ አባዬም "ጣት የተቀሰረብኝ በር አልመለስም" ብሎ የቆርቆሮዋን ክፍል እንደከፈተ። ይህ ሁሉ ከአንሶላው ማዶ ተነግሮ አልቋል። እኔ የወሰድኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

በግማሹ ደግሞ ብዙ ነገር አየሁበት። ከጣውላው ሥር የመዳብ ቁርጥራጭ የሞላበት ጣሳ ነበር። አባዬ ከተጣለ ሽቦ እየላጠ ያጠራቀመው ነው፤ ሲልጥ አብሬው ተቀምጬ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እጄን ጣሳው ውስጥ መክተት ተውኩ።

ከዚያ የክፍሏ በር ተዘጋ። ተዘግቶ የማያውቅ በር ነው፤ ዶሮ እንኳ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። እማዬ ሻይ አስይዛ ልካኝ በክርኔ ገፋ አድርጌ ስገባ፣ አባዬ ሞርሳዋ ላይ ቡትቶ ጨርቅ ወረወረ።

"ምነው አታንኳኪም?" አለኝ። ድምፁ ተቆጥቶ የሚስቅ ሰው ድምፅ ነበር። ቁጣውን ብቻ ሰማሁ።

በር ላይ ደንበኛ ጠራው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወጣ። ሻዩን አስቀምጬ ጨርቁን ገለጥኩት። በሞርሳዋ ጥርስ መካከል አንድ ሳንቲም ቆሟል፤ ጎኑ ላይ ንክሻ ተጀምሯል። አጠገቡ ክብ ሞረድ። ጣውላው ላይ ሌሎች አሉ፣ አንዱ ከልክ በላይ የተበላ፣ ሌላው የተንጋደደ፣ ሌላው ንክሻው ላይ ጭረት የቀረበት። በላያቸው ላይ ብናኙ ያብለጨልጫል። አባዬ ለራሱ ሥራ እንኳ እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም።

ጨርቁን እንደነበረ መለስኩ። አባዬ ዋስ የሆኑለትን ሰው፣ ሻያችንን የሚጠጡትን፣ እኔን የኔ ልጅ የሚሉትን ሰው ሊያጭበረብር ነው። የነገርኩት ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ በመንገድ "እንዴት ነሽ?" ብትለኝ የምታውቅብኝ መስሎኝ ሮጥኩ።

እሑድ ደረሰ። ዶክተር መጡ። አባዬ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ለሰርግ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። የሞርሳዋን ጥርስ ሕመም አልጠቀሰም። እማዬም ወደ ጓዳ አልተመለሰችም፤ ፎጣዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁሉም እኔን ያያሉ። ዛሬ ሳስበው፣ ስጦታ የተዘጋጀለት ልጅ ፊት ሰው የሚቆመው እንደዚያ ነው። ያኔ ግን ሁሉም አውቀው የሚሸፋፍኑ መሰለኝ።

ዶክተር አንድ ሳንቲም ከእጃቸው ወደ ጠረጴዛው አንሸራተቱ። "ይህን አባትሽ ነው ያመጣልኝ። ከደንበኛ መልስ ውስጥ አገኘሁት አለ። እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ፤ እውነተኛ ነው ወይስ ውሸት?"

አጉሊ መነጽሩን አነሣሁ። ንክሻው እንከን የለውም። ማዶውን ማየት አልፈለግሁም፤ ጣቴ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ጠርዙ ሙሉ ነው። ስልና ጠንካራ፣ ዙሪያውን ሁሉ አንድ ዓይነት።

ቀና ስል አባዬ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቀኛል። የሚለምነኝ መሰለኝ።

"እውነተኛ ነው" አልኩ።

"እንዴ" አሉ ዶክተር። "ቸኮልሽ። ማዶውን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እና እንዴት ነው?"

"ሟምቷል።"

ዶክተር ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር። "ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ? ጨዋታ እኮ ነው። እስቲ ደግመሽ…"

"ማንም አልሞረደውም" አልኩ። "አባዬ ምንም አላደረገም።"

ስለ ሞረድ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እማዬ ፎጣዋን አፏ ላይ ያዘች። ዶክተር መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባዬን አዩ። የአባዬ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚያደርገው ነገር እንዳጣ ሁሉ ትንሽ ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ተነሣ። ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰና ወደ ግቢው ወጣ። ዶክተር ሳንቲሙን ከጠረጴዛው አንሥተው በጥጥ ጠቀለሉት። ሌላኛው እጃቸው የኮታቸው ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞ ነበር፤ ባዶውን አወጡት።

አዳንኩት ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ የቆርቆሮዋን ክፍል በር ከማጠፊያው እየነቀለ አገኘሁት። መዝጊያውን ለዶሮዎቹ ቤት አደረገው። ከዚያ በኋላ ክረምት ከበጋ ክፍሏ ወለል ብላ ኖረች፤ ዝናብ ሲገባ ጣውላው ላይ ላስቲክ ያለብሳል እንጂ በር አልመለሰላትም። መግቢያው አጠገብ አረንጓዴ የተቀባ አጭር የብረት በርጩማ ሠርቶ አስቀመጠ። ለደንበኛ ይሆናል አልኩ። ደንበኞቹ ግን ቆመው ነበር የሚጠብቁት።

ዶክተር ሲመጡ አባዬ ሥራ አለብኝ እያለ ከጠረጴዛው ይሸሽ ጀመር። እሑዶቹ እየሳሱ ሄዱ። ይህን ሁሉ የተያዘ ሰው ጸጸት አድርጌ ቆጠርኩለት። በሩን የነቀለው ዳግመኛ ላለማጭበርበር ለራሱ ምሎ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ በልጅ ልቤም ይቅር አልኩት። ይህ ነው ዛሬም ሌሊት የሚያስነሣኝ። ውሸቱማ የልጅ ውሸት ነበር። ይቅርታው ግን ከእኔ ጋር አደገ። እያደግሁ ስሄድ አባቴን በደግነት የማየው ሆንኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገረዋለሁ። ስለ ሌቦች ወሬ ሲነሣ ጨዋታ እለውጣለሁ፤ እንዳይሳቀቅ ብዬ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ክፍል ቁልፎች ሊቀየሩ ባለሙያ ተፈለገ። ኃላፊዬ "የምታውቂው፣ የሚታመን ሰው አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩ።

ነገሩ በሌላ ሰው አፍ ቤታችን ደረሰ። እማዬ "ምነው ልጄ፣ አባትሽ ቁጭ ብሎ?" ስትለኝ፣ አባዬ ከጥግ ሆኖ ቀደመኝ። "ሩቅ ነው። ጉልበቴንም ያመኛል።" በዚያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቴ እጥፍ የሚርቅ ሰፈር በእግሩ ሄዶ በር ሲገጥም ዋለ።

ዶክተር አርጅተው ፋርማሲያቸውን ከዘጉ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት አስጠሩኝ። መስኮት አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። የከረሜላዋን ቆርቆሮ ሰጡኝ። ሳንቲሞቹን ለሌሎች ሰብሳቢዎች አከፋፍለዋቸው ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ ሁለቱም ንክሻ ያለባቸው።

"ያንቺ ናቸው። ያን ጊዜ 'ውሸት ነው' ብትዪኝ እውነተኛውን እዚያው ልሸልምሽ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። አባትሽ ስንት ሳንቲም አበላሸበት መሰለሽ። 'ቀላል ከሆነ አትኮራበትም፣ ጠንከር ይበል' እያለ።"

"ፈተና ነበር?" አልኩ።

"ታዲያ ምን ኖሯል?"

ስለ መዳቡ፣ ስለ መጋዘን ጠባቂው፣ ፋብሪካው ስለጠየቀው ይቅርታ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ጥጡን በጣቶቼ መካከል አፍተለተልኩት።

"'ማንም አልሞረደውም' ስትዪ እኔ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ" አሉ። "እሱ ወዲያው ነው የገባው። ላስረዳት ብለው እንቢ አለ። 'ልጄ ፊት ቆሜ ሌባ አይደለሁም ልበል?' አለኝ። 'ታየኛለች። እያየችኝ ትደርስበታለች።'"

ከዚያ ቀጥታ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባዬ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ቀኑን የሚውለው ግን እዚያችው በር የለሽ ክፍል ነው። ሞርሳዋ ዝጋለች። ሳልናገር የሠራውን ሳንቲም መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ ደክሟል፤ በአውራ ጣቱ ዞረው። ከንክሻው ማዶ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"የተሞረደ ነው" አለ።

"ማዶው ሙሉ ነው፣ አባዬ።"

"አዎ።"

"ያን ዕለትም ሙሉ እንደሆነ አይቼ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። "ዓይንሽ ደህና ነበር።"

ይቅርታ ልለው ነበር የመጣሁት። ቃሉን ግን ያን ሁሉ ዓመት ወደ እሱ ስዘረጋው ኖሬ፣ አዙሬ ልለምንበት ስል አልሆነልኝም። ሌላ ነገር ወጣኝ።

"በሩን ለምን ነቀልከው?"

ሳንቲሙን በሸሚዙ ጠረገው። ከዚያ በመግቢያው ፊት ለፊት ወዳለፈው የግቢው መንገድ በአገጩ አሳየኝ።

"ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምታልፊው በዚህ አይደል።"

አዎ፣ በዚያ ነበር። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የማልፈው። ምን እየሠራ እንደሆነ ላለማየት፣ ላገኘው የማልፈልገውን ነገር ላለማግኘት፣ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ አንገቴን ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሬ። ትምህርት ቤት እስክጨርስ ድረስ።

"ቁጭ በይ፣ ምን ያቆምሻል" አለ አባዬ።

በርጩማዋ ያችው ነበረች። ተቀመጥኩባት። ጉልበቴ ደረቴ ድረስ መጣ፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ቁመት የተሠራች ናት። አረንጓዴው ቀለም ከላዩ ምንም አልተላጠም።